«የሙከራ አይጥ ልትሆን ነው?» ስለ ሕክምና ምርምር የሚወራውና እውነታው

አንድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የሕክምና ጥናት ሊጀምር ሲል «ተሳታፊዎችን እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ያወጣል። ማስታወቂያው አጭር ነው። የዕድሜ ክልል፣ የበሽታው ዓይነት፣ ስልክ ቁጥር፣ በቃ። የቀረውን ወሬ ይሞላዋል። ግማሹ ሰው «ሊገድሉን ነው» ይላል፣ ግማሹ «በነጻ ሊያድኑን ነው»። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የሙከራ አይጥ ሊያደርጉን ነው»

ፍርሃቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ተስኪጊ በተባለ ቦታ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ወንዶች ሕመማቸው በትክክል ሳይነገራቸው ክትትል ብቻ ይደረግባቸው ነበር። ፔኒሲሊን እንደሚፈውስ ከታወቀ በኋላም አልሰጧቸውም። ይህን ሸፋፍኖ «አትፍሩ» ማለት አያስኬድም።

የዛሬዎቹ ደንቦች የመጡት ከእንዲህ ዓይነት በደሎች ነው። በሰው ላይ ሙከራ እንዴት መደረግ እንዳለበት የሚናገረው የ1947ቱ የኑረምበርግ ደንብ በናዚ ሐኪሞች ላይ ከተሰጠው ፍርድ ወጣ። በ1964 ደግሞ ሐኪሞች በሰው ላይ ምርምር ሲያደርጉ የሚመሩበት የሄልሲንኪ መግለጫ ተከተለ። አሁን ተመራማሪው የመጀመሪያውን ተሳታፊ ከማግኘቱ በፊት ዕቅዱን ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ያቀርባል። ኮሚቴው ውስጥ የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎችም ይቀመጣሉ። «ይህ የስምምነት ቅጽ ለተራ ሰው አይገባም፣ እንደገና ጻፈው» ተብሎ የሚመለስ ዕቅድ ብዙ ነው።

ደግሞም ብዙ ጥናት መድኃኒት የሚባል ነገር የለበትም። መጠይቅ ይሞላል፣ ደም ይሰጣል፣ ግፊት ይለካል። ፍራሚንግሃም በምትባል የአሜሪካ ከተማ በ1948 የተጀመረው ጥናት 5,209 ሰዎችን ይዞ ለአሥርተ ዓመታት ተከታተለ። የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ከልብ ሕመም ጋር ያላቸውን ቁርኝት ዓለም ጠንቅቆ ካወቀባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።

«ጥናቱ ውስጥ ከገባሁ የተሻለ ሕክምና አገኛለሁ»

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። የሚያነጋግራችሁ ሰው ነጭ ጋውን ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ማዳመጫ አለ፣ ክፍሉም ያው የሆስፒታል ክፍል ነው። ሊያክመኝ ነው ብሎ ማሰብ ያለ ነው። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ሕክምና ላይ ሐኪሙ የሚያየው እናንተን ነው፤ መድኃኒቱ ካልተስማማችሁ መጠኑን ይቀንሳል፣ ወይም ይቀይረዋል። ጥናት ላይ አስቀድሞ የተጻፈ ዕቅድ አለ። የትኛው ቡድን ውስጥ እንደምትገቡ የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ዕጣ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የሚቀዳው ደም ለእናንተ ስላስፈለገ ሳይሆን ለጥያቄው መልስ ስላስፈለገ ሊሆን ይችላል።

በተለይ «የመጀመሪያ ምዕራፍ» የሚል ካያችሁ ልብ በሉ። እንዲህ ያለው ጥናት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት አሥር ሰዎችን ይዞ የሚጠይቀው «ይህ መድኃኒት ምን ያህል ቢሰጥ ጉዳት የለውም?» ብሎ ነው። ያድናል ወይ የሚለው በሰፊው የሚፈተነው በኋላ፣ በሦስተኛው ምዕራፍ፣ በመቶዎችና በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ነው። መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ፈውስ መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የሚጠቀም ሰው ይኖራል፤ ቃል የሚገባላችሁ ግን መኖር የለበትም።

«ፕላሴቦ የደረሰው ተሸወደ»

ፕላሴቦ መድኃኒት የሚመስል፣ ግን ፈዋሽ ነገር የሌለበት ክኒን ወይም መርፌ ነው። ሊደርሳችሁ እንደሚችል ቅጹ ላይ አስቀድሞ ይነገራል። ለበሽታው የተረጋገጠ ሕክምና ካለ ደግሞ አዲሱ መድኃኒት በአብዛኛው የሚወዳደረው ከዚያው ጋር ነው እንጂ ሕመምተኛ ባዶ ክኒን ይዞ አይቀመጥም።

«ተሸወደ» ለሚለው ደግሞ ይቺን ስሙ። በ1980ዎቹ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ደርሶባቸው የተረፉ ሰዎች የልብ ምታቸው ሲዛባ ምቱን የሚያስተካክል መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር። መመርመሪያው ላይ ምቱ ተስተካክሎ ይታያል፤ ሐኪሙም ታማሚውም ደስ ይላቸዋል። ካስት የተባለው ጥናት መጥቶ መድኃኒቶቹን ከፕላሴቦ ጋር አወዳደረ። ፍሌካይናይድና ኤንካይናይድ ከወሰዱት መካከል የሞቱት ፕላሴቦ ከወሰዱት ይበልጡ ነበር። ውጤቱን በየመሃሉ የሚያይ ገለልተኛ ቡድን ስለነበር የሁለቱ መድኃኒቶች ሙከራ በ1989 ሳይጠናቀቅ እንዲቆም ተደረገ። ባዶ ክኒን የደረሳቸው ናቸው ዕድለኞቹ። ያለማወዳደሪያ ቡድን ይህን ማን ያውቅ ነበር?

«ክፍያ ካለው አደጋ አለው ማለት ነው»

የግድ አይደለም። ገንዘቡ በአብዛኛው ለትራንስፖርትና ለጠፋው ጊዜ ነው። ሰውን የሚያማልል እንዳይሆን ኮሚቴው መጠኑንም ያያል።

«ከፈረምኩ ታሰርኩ»

በፍጹም። ምክንያት ሳትናገሩ፣ በፈለጋችሁ ሰዓት መውጣት ትችላላችሁ። መደበኛ ሕክምናችሁም በዚህ ምክንያት ሊነካ አይገባም። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ራሱ ሊጎዳ ስለሚችል መውጣታችሁን ንገሯቸው። እስከዚያ ቀን የተሰበሰበው መረጃ ደግሞ እነሱ ዘንድ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሳትፈርሙ ጠይቁ፦ ብወጣ መረጃዬ ምን ይሆናል? ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ያክመኛል፣ ወጪውንስ ማን ይሸፍናል? ውጤቱ ይነገረኛል? ቅጹን ቤት ወስዳችሁ ከሰው ጋር ብታነቡት ነውር የለውም። «አሁኑኑ ፈርም» የሚል ተመራማሪ ካጋጠማችሁ ግን ተነስታችሁ ውጡ።

«መድኃኒቱ ካልሠራ ያው ደብቀው ይተዉታል»

ድሮ በሰፊው ይደረግ ነበር፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ከ2005 ጀምሮ ግን ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመግባቱ በፊት በይፋዊ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ የሕክምና ሙከራን አናትምም ብለዋል። መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው። የጥናቱን የምዝገባ ቁጥር ጠይቁና ፈልጉት። ምን ሊለኩ እንዳሰቡ፣ ስንት ሰው እንደሚፈልጉና መቼ ሊጨርሱ እንዳቀዱ እዚያው ተጽፎ ታገኙታላችሁ።