የተረፈ ጋናሽ አያያዝና አጠቃቀም

ጋናሽ በሞቀ ክሬም የቀለጠ ቸኮሌት ነው። ትኩስ ሳለ ኬክ ላይ ይፈስሳል፤ ለብ ሲል በቢላዋ ይቀባል፤ ሲቀዘቅዝ ተድቦልቡሎ ትራፍል የሚባለው ጣፋጭ ይሆናል። የወጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይ የጣፋጭ ሙያ ነው። አንድ ተለማማጅ የፈላ ክሬም በስህተት ቸኮሌት ላይ ደፍቶ ፈጠረው የሚለው ታሪክ በየወጥ ቤቱ ቢነገርም ማስረጃ የለውም። ስሙን ከፍ ካደረጉት ባለሙያዎች አንዱ ሮበርት ሊንክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በፓሪስ ላ ሜዞን ዱ ሾኮላ የተባለውን ሱቅ ከፍቶ ጋናሽን የሱቁ መለያ በማድረጉ «የጋናሽ ጠንቋይ» የሚል ቅጽል አትርፏል።

ጋናሽ መትረፉ አይቀርም። የኬክ ባለሙያ ልባሱ መሐል ላይ እንዳያልቅበት ሁልጊዜ አትርፎ ያዘጋጃል። ኬኩ በሽቦ ማቀዝቀዣ ላይ ተቀምጦ ሲፈስስበትም ቀላል የማይባለው ክፍል ከሥር ወዳለው ትሪ ይወርዳል። ይህን መጣል ድሮም ብክነት ነበር፤ አሁን ደግሞ ኪስ የሚጎዳ ብክነት ሆኗል። ከዓለም የኮኮዋ ምርት ከግማሽ በላይ የሚሸፍኑት ኮትዲቯርና ጋና በአየር ጠባይ መዛባትና በዛፍ በሽታ ምርታቸው ሲቀንስ፣ በታኅሣሥ ወር 2024 እ.ኤ.አ. አንድ ቶን ኮኮዋ በኒውዮርክ ገበያ ከ12,000 ዶላር በላይ ተሽጧል። ዋጋው በኋላ ወርዷል፤ በጥሩ ቸኮሌት የተሠራ የጋናሽ ሳህን ግን ዛሬም በውኃ ተለቅልቆ የሚደፋ ነገር አይደለም።

የተረፈው ጋናሽ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚወስነው መጠኑ ብቻ ሳይሆን ቸኮሌቱና ክሬሙ የተቀላቀሉበት ልክ ነው። ጥቁር ቸኮሌትና ክሬም በክብደት እኩል ለእኩል ከሆኑ ለልባስና ለኬክ መሙያ የሚሆን፣ ፍሪጅ ውስጥ ግን በማንኪያ የሚቆረስ ጋናሽ ይገኛል። ቸኮሌቱ የክሬሙን እጥፍ ከሆነ ለትራፍል የሚሆን ጠንካራ ነው። ክሬሙ እጥፍ ከሆነ እንደ ወጥ ይፈስሳል፤ ቀዝቅዞ ሲመታም አረፋ ይይዛል። የወተት ቸኮሌትና ነጭ ቸኮሌት ለስላሳ ስለሆኑ በተመሳሳይ ልክ ክሬም ካገኙ አይረጉም፤ ለእነሱ ቸኮሌቱ በርከት ማለት አለበት፤ ነጩ እንዲያውም እስከ ሦስት እጥፍ ይፈልጋል። ስለዚህ ጋናሽ የሚያስቀምጥ ሰው በዕቃው ላይ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ልኩንም ቢጽፍ በኋላ ከብዙ ግምት ይድናል። ልኩ ከታወቀ ማስተካከል የሒሳብ ጉዳይ ነው፦ እኩል ለእኩል በሆነ 300 ግራም ጋናሽ ውስጥ 150 ግራም ቸኮሌት ቢጨመርና አብሮ ቢቀልጥ የትራፍል ጋናሽ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ግን የቀዘቀዘውን መልሶ ሲያሞቅ ነው። ጋናሽ ስብና ውኃ ሳይለያዩ ተያይዘው የቆሙበት ነገር ነው። 200 ግራም ባለ 70 በመቶ ቸኮሌት ውስጥ 80 ግራም አካባቢ ስብ አለ፤ 200 ግራም ባለ 35 በመቶ ክሬም ደግሞ 70 ግራም ስብና 120 ግራም የማይሞላ ውኃ ይጨምራል። 150 ግራም ያህል ስብ ከእሱ ባነሰ ውኃ ውስጥ ተበታትኖ መቆየት አለበት ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው በቋፍ ያለ ሚዛን ነው። ጋናሹ በተደጋጋሚ በሞቀ ቁጥር ከውኃው ጥቂት ይተናል፤ በመጨረሻ ስቡ ያይልና ላዩ ላይ ዘይት ይንሳፈፋል፤ ሥሩም እንደ አሸዋ ይሻክራል። ይህን ያየ ሰው ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። አልተበላሸም፤ ውኃ ነው ያነሰው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ወተት መሐሉ ላይ ጠብ አድርጎ ከመሐል ወደ ዳር በመምቻ ማሸት፣ ካልበቃም ሌላ ማንኪያ መድገም አብዛኛውን ጊዜ ይመልሰዋል።

የቀለጠ ንጹሕ ቸኮሌት ጥቂት ውኃ ከነካው ይቋጠራል፤ ይህን የሚያውቁ ሰዎች ጋናሽም ላይ ወተት ለመጨመር ይፈራሉ። ጋናሽ ግን ቀድሞውኑ ውኃ ያለበት በመሆኑ ፍርሃቱ ቦታው አይደለም። ይልቅ የሚያስፈራው ጥድፊያ ነው፦ ማይክሮዌቭ ከሆነ አሥር አሥር ሰከንድ እያሉ በየመሐሉ ማማሰል፣ ካልሆነም ሳህኑን ሞቅ ያለ ውኃ ባለበት ድስት ላይ አስቀምጦ መታገሥ ያስፈልጋል። የኮኮዋ ቅቤ ከ34 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ ብዙ እሳት አይጠይቅም።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ የተለመደው ምክር ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ በረዶ ቤት ውስጥ እስከ ሦስት ወር ማቆየት ነው። የቸኮሌት ሱቆች ጋናሻቸውን ከዚያ በላይ የሚያቆዩት ግሉኮስና ሌሎች የስኳር ዓይነቶችን ጨምረው፣ ለሻጋታ የሚተርፈውን ውኃ በመሣሪያ እየለኩ ነው፤ የቤት ጋናሽ ይህ ስለሌለው ከእነሱ ጋር መወዳደር የለበትም። የምግብ መሸፈኛ ላስቲክ የጋናሹን ፊት እንዲነካ አድርጎ መክደን ሁለት ጥቅም አለው፦ ላዩ ቆዳ አያወጣም፤ ሽታም አይስብም። ሁለተኛው በእኛ ቤት በተለይ ዋጋ አለው። ስብ ሽታ ይይዛል፤ ክዳኑ ከላላ የነጭ ሽንኩርትና የበርበሬ ድልህ ጎረቤት ሆኖ ያደረ ጋናሽ ከማንም በላይ ይመሰክራል። የኬክ ፍርፋሪ የገባበት ወይም ጣት የነካው ጋናሽ ቶሎ ይበላሻል፤ በቀናት ውስጥ መጠቀም ወይም ወዲያው ወደ በረዶ ቤት መላክ ይሻላል። ሻጋታ የታየበት ደግሞ ላዩ ተጠርጎ አይበላም፤ ይጣላል።

ከአጠቃቀሞቹ ሁሉ ቀላሉ ትኩስ ቸኮሌት ነው። በአንድ ብርጭቆ የጋለ ወተት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ጋናሽ በመምቻ ሲሟሟ በዱቄት ኮኮዋ የማይገኝ ወፍራም መጠጥ ይወጣል፤ ክሬሙ ውስጡ ስላለ ሌላ ማጣፈጫ አይፈልግም። ከቡና ጋር ሲሆን ሞካ ይሆናል። አይስክሬም ላይ ማፍሰስ፣ ፓንኬክ ላይ መቀባት፣ ሁለት ብስኩት ማጣበቅም ይቻላል፤ እነዚህ ማብራሪያ አያሻቸውም።

ትራፍል ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የረጋውን ጋናሽ በማንኪያ እየቆረሱ በእጅ ሲያድቦለብሉ የእጅ ሙቀት ያቀልጠዋል፤ መዳፍ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ሲደርቅና ሥራው በጥቂት በጥቂቱ ሲሠራ ይቀላል። ለማድቦልቦል ትዕግሥት የሌለው ሰው የጃፓኖችን መንገድ ይከተል። እ.ኤ.አ. በ1988 በካናጋዋ ግዛት በሂራትሱካ ከተማ የተጀመረው ናማ ቾኮሬቶ በመሠረቱ በትሪ ላይ ረግቶ በቢላዋ አራት ማዕዘን የተቆረጠና ኮኮዋ የተነሰነሰበት ጋናሽ ነው። ጃፓን ለዚህ ስም መለኪያ አውጥታለታለች፦ ቢያንስ 60 በመቶ ቸኮሌት፣ 10 በመቶ ክሬም እና 10 በመቶ እርጥበት። የትሪው ትራፊ እዚያው ትሪው ላይ ተስተካክሎ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል ከሁሉም ድካም የሚቀንሰው ይህ ነው።

በረዶ የሆነ ጋናሽ ከዚህም የላቀ ታሪክ አለው። የፈረንሳዩ ምግብ ሠሪ ሚሼል ብራስ በላግዮል መንደር ሁለት ዓመት ያህል ሲሞክረው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረበው ሲቆረጥ ቸኮሌት የሚፈስሰው ኬክ ምሥጢሩ በረዶ የሆነ የጋናሽ እምብርት ነበር። በቡኮው መሐል የተቀበረው ጋናሽ ኬኩ ምድጃ ውስጥ እስኪበስል ድረስ ይቀልጣል እንጂ ከዳቦው ጋር አይዋሐድም። ዛሬ በየሆቴሉ «ላቫ ኬክ» በመሳሰለ ስም የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ሆዱ ሳይበስል የወጣ ኬክ ብቻ ነው፤ ሁለቱን መለየት ለቀመሰ ሰው አይከብድም። ለቤት ደግሞ መንገዱ አጭር ነው፦ የተረፈውን ጋናሽ በፍሪጅ የበረዶ መሥሪያ ጉድጓዶች ሞልቶ ማጠንከር፣ ከዚያ በእያንዳንዱ የትንሽ ኬክ ቡኮ መሐል አንድ አንድ መቅበር።

የስካንዲኔቪያ ዳቦ ቤቶች ትራፊን ወደ ገበያ በማውጣት ማንም አይደርስባቸውም። በዴንማርክ ሮምኩግለ የሚባለው ድቡልቡል ጣፋጭ ከቀኑ የኬክ ትራፊ፣ ከኮኮዋና ከሩም ጣዕም ይሠራል። በስዊድን ደግሞ ፍርፋሪው ማርዚፓን በሚባል አረንጓዴ የአልሞንድ ሊጥ ይጠቀለልና ሁለቱ ጫፎቹ ቸኮሌት ውስጥ ይነከራሉ። በቤት የኬክ ፍርፋሪና የተረፈ ጋናሽ በአንድ ቀን ስለሚገኙ ሐሳቡ በቀጥታ ይሠራል፤ ጋናሹ ፍርፋሪውን ያያይዘዋል፣ የደረቀውንም ያረጥበዋል። እጅ ላይ እስኪያያዝ ብቻ መጨመር ነው፤ ከበዛ ጭቃ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከጾም ጋር ይገናኛል። ለቅበላ ከተሠራ ኬክ የተረፈ ጋናሽ ክሬም ስላለበት ለጿሚ አይሆንም፤ ነገር ግን ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ይህም በረዶ ቤት ጋናሽን ከሚያቆይበት ጊዜ ያነሰ ነው። በደንብ ተከድኖ የገባ ጋናሽ ለፋሲካ ይደርሳል፤ ሲወጣ ለአንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ ቢለቅ ይመረጣል። በጾሙ ወራት ለጾም ኬክ የሚሆነው ጋናሽ በኮኮናት ወተት ይሠራል። ክሬም ጭራሽ ሳይኖርም ይቻላል፦ ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤርቬ ቲስ እ.ኤ.አ. በ1995 ቸኮሌትን በውኃ ብቻ አቅልጦ በበረዶ ላይ በመምታት አረፋ የያዘ ክሬም አውጥቷል። መምታቱ በዝቶ ከተቋጠረም እንደገና ቀልጦ ይመታል። የጾም ቸኮሌት የሚገዛ ሰው ግን ጥቁር መሆኑን ብቻ አይቶ አይመን፤ ብዙ ጥቁር ቸኮሌቶች የወተት ስብ አለባቸው፣ መጠቅለያው ላይ ባለው ጽሑፍም ይገለጻል።

በመጨረሻ ሳህኑ ግድግዳ ላይ የሚቀረው አለ። እሱን በሙቅ ውኃ ወደ ቧንቧ መልቀቅ መጥፎ ልማድ ነው፤ የኮኮዋ ቅቤ በውኃው ሙቀት ቀልጦ ይወርድና ቧንቧው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። በላስቲክ መጥረጊያ ጠርጎ ቀሪውን በወረቀት መወልወል፣ ወይም የጋለ ወተት ሳህኑ ውስጥ አፍስሶ አማስሎ መጠጣት ይሻላል።