በፈር ምንድን ነው?

አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ላይ 0.01 ሞል (ሞል የንጥረ ነገር መጠን መለኪያ ነው) ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲጨመር ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ከ7 ወደ 2 ይወርዳል፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበልጣል። ያው መጠን 0.1 ሞል አሴቲክ አሲድና 0.1 ሞል ሶዲየም አሴቴት ባለበት አንድ ሊትር ሙሙት ላይ ሲጨመር ግን ፒኤቹ ከ4.76 ወደ 4.67 ብቻ ዝቅ ይላል። ይህ ሁለተኛው ሙሙት በፈር ይባላል።

ብዙ ተማሪ በፈር ሲባል ፒኤቹ 7 የሆነ ወይም ጭራሽ የማይለወጥ ሙሙት ይመስለዋል። ሁለቱም ስህተት ነው። 4.76 አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹም ይለወጣል፣ በጥቂቱ። ዋናው ነገር ደካማ አሲዱና ተጣማሪ ቤዙ (አሲዱ ፕሮቶን ማለትም ሃይድሮጅን አዮን ሲሰጥ የሚቀረው፣ እዚህ አሴቴቱ) ሁለቱም በበቂ መጠን መኖራቸው ነው። ሃይድሮጅን አዮን ሲገባ አሴቴቱ ይይዘዋል፤ ሃይድሮክሳይድ ሲገባ አሴቲክ አሲዱ ፕሮቶኑን ሰጥቶ ውሃ ያደርገዋል። በምሳሌያችን አሴቴቱ ወደ 0.09 ሲቀንስ አሲዱ 0.11 ይሆናል፤

ፒኤች = ፒኬኤ + ሎግ (ቤዝ ÷ አሲድ)

ፒኬኤ የአሲዱን ጥንካሬ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ የአሴቲክ አሲድ 4.76 ነው። ስለዚህ 4.76 + ሎግ (0.09 ÷ 0.11) = 4.67። ክሎራይድ ሃይድሮጅን አዮንን መልሶ ስለማይይዝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና የገበታ ጨው (ሶዲየም ክሎራይድ) በፈር አይሆኑም።

ይህን በፈር ለማዘጋጀት 13.6 ግራም ሶዲየም አሴቴት ትራይሃይድሬት (ውሃ ያዘለው ዓይነት) 800 ሚሊሊትር ገደማ ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። 5.7 ሚሊሊትር ግላሻል (በውሃ ያልቀጠነ) አሴቲክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ትነቱም ይከረፋል፣ ስለዚህ ጓንት፣ መነጽርና አየር ማስወጫ ያስፈልጋሉ። ፒኤቹ ተለክቶ ከተስተካከለ በኋላ ነው ውሃው 1 ሊትር የሚሞላው። በብዛት የሚያሳስተው የጠርሙሱን ጽሑፍ አለማንበብ ነው። ውሃ አልባው ሶዲየም አሴቴት በሞል 82 ግራም፣ ትራይሃይድሬቱ 136 ግራም ነው። ከውሃ አልባው 13.6 ግራም የመዘነ ሰው 0.166 ሞል ጨምሯልና ፒኤቹ 4.98 አካባቢ ይወጣበታል።

ፈተና ላይ ደግሞ ወጥመዱ ሌላ ነው። 0.1 ሞል አሴቲክ አሲድ ከ0.1 ሞል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ሊትር ቢሞላ አሲዱ ሙሉ በሙሉ ያልቃል፤ የሚቀረው አሴቴት ብቻ፣ ፒኤቹም 8.9 ገደማ ነው። በፈር አይደለም። ሃይድሮክሳይዱ 0.05 ሞል ቢሆን ግን ግማሹ አሲድ ስለሚተርፍ ፒኤቹ 4.76 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሪአክሽኑን ጨርሱ፣ የቀረውን ቁጠሩ፣ ከዚያ ቀመሩን ተጠቀሙ።

የበፈር አቅም ወሰን አለው። ያ አንድ ሊትር በፈር 0.1 ሞል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢገባበት አሴቴቱ ተሟጥጦ ፒኤቹ 2.7 ገደማ ይደርሳል። በውሃ ማቅጠን ፒኤቹን እምብዛም አይነካም፣ አቅሙን ግን ያዳክማል። ለሥራ የሚመረጠውም ፒኬኤው ከሚፈለገው ፒኤች በ1 የማይርቅ አሲድ ነው። ደማችን ከዚህ ይለያል፦ የካርቦኒክ አሲዱ ፒኬኤ 6.1፣ የደሙ ፒኤች 7.4፣ የባይካርቦኔቱ መጠን የአሲዱን 20 እጥፍ ነው። ያም ሆኖ የሚሠራው ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን፣ ኩላሊት ባይካርቦኔቱን ያለማቋረጥ ስለሚያስተካክሉ ነው።