የስኮትላንዱ «ታወር ሃውስ» ምንድን ነው?

ታወር ሃውስ ክፍሎቹ ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡበት የስኮትላንድ ባላባት ግንብ ቤት ነው። ብዙ ሰው ምሽግ ይለዋል፤ ነገር ግን መድፍ ጎትቶ የመጣ ጦርን አይችልም። የተሠራው ለአንድ ሌሊት ነው፦ በፈረስ መጥቶ፣ ከብት ነድቶ፣ ሳይነጋ ለሚሄድ ዘራፊ። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር ይህ ዓይነቱ ወረራ ለትውልዶች የተለመደ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1535 የስኮትላንድ ፓርላማ በድንበሩ አካባቢ 100 ፓውንድ የሚገመት መሬት ያለው ሁሉ ሰውና ከብት የሚሸሸግበት የግንብ አጥር እንዲሠራ አዘዘ። አጥሩ ባርምኪን ይባላል፤ በድንጋይና በኖራ፣ በየጎኑ 60 ጫማ፣ በዛሬ ልኬት ውፍረቱ ወደ 94 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ወደ 5.6 ሜትር። ግንብ ቤቱ የሚቆመው በዚህ አጥር ውስጥ ነበር።

ጎርደን ከምትባለው መንደር አጠገብ ያለው ግሪንኖው የተባለው ታወር ሃውስ ጥሩ ማሳያ ነው። ዛሬ ጣሪያ የለውም። በበሩ ጉበን ላይ ግን 1581 የሚለው ዓመት ከጄምስ ሴተንና ከባለቤቱ ከጄን ኤድመንስተን አርማ ጋር ተቀርጾ ይነበባል። በር ያለው አንድ ብቻ ሲሆን፣ ዋናው ሕንፃና ከጎኑ የወጣው ክንፍ በሚገናኙበት ማዕዘን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ በሩን የሚሰብር ሰው ከሁለት ወገን ይታያል። ምድር ቤቱ ወጥ ቤት ነው፤ እሳት ወደ ላይ እንዳያልፍ ጣሪያው የድንጋይ ቅስት ነው። ሰፊው ደረጃ አዳራሹ ያለበት አንደኛ ፎቅ ሲደርስ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚወጣው በጠባብ ጠምዛዛ ደረጃ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ዬት የሚሉት የብረት ፍርግርግ በር ነው። የእንጨቱ በር ቢቃጠል እንኳ እሱ ይቀራል። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፦ ፍርግርጉ በአራት ቢከፈል፣ በሁለቱ ሰያፍ ሩቦች የቆሙት ዘንጎች አግድሞቹን በስተው ያልፋሉ፤ በቀሩት ሁለቱ ደግሞ አግድሞቹ የቆሙትን። ስለዚህ አንዱን ዘንግ ብቻ መትቶ ማውጣት አይቻልም። የእንግሊዝና የስኮትላንድ ዘውዶች በ1603 አንድ ንጉሥ ላይ ከዋሉ በኋላ፣ በ1606 የንጉሡ አማካሪ ምክር ቤት የድንበሩ ዬቶች ተነቅለው ማረሻ እንዲሆኑ አዘዘ። የግሪንኖው ዬት ግን ዛሬም ከማጠፊያው አልወረደም።

እነዚህን ቤቶች ከዘራፊው ይልቅ ያፈረሳቸው ሰላም ነው። ባላባቱ ሰፊ መስኮት ወዳለው ቤት ሲዛወር የጣሪያው እንጨትና ድንጋይ ለሌላ ሥራ ይወሰዳል። ግድግዳው ከውጭና ከውስጥ በተካበ ድንጋይ መካከል በስብርባሪና በኖራ የተሞላ ነው። ጣሪያው ሲሄድ ዝናቡ ከግድግዳው አናት ይገባና ኖራውን ያጥባል፤ በብርዱ ወራት ውሃው በረዶ ሆኖ ሲያብጥ የውጭው ድንጋይ ይነፋና ይወርዳል።

ጥገናው ላይ ትልቁ ጥፋት ሲሚንቶ ነው። ከድንጋዩ ስለሚጠነክርና እርጥበት ስለሚያፍን፣ የሚፈረፈረው መገጣጠሚያው ሳይሆን ድንጋዩ ራሱ ይሆናል። ትክክለኛው የኖራ ድብልቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ። ግድግዳው ላይ የበቀለ ዛፍ ይቆረጣል እንጂ አይነቀልም፤ ሥሩ ሲወጣ ድንጋዩን ይዞ ይወርዳል። የግድግዳውን አናት በሣር አፈር መሸፈን የዝናቡንም የውርጩንም ጉዳት ይቀንሳል። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ የኖራ ሥራ ይቆማል፤ ሳይጠነክር ውርጭ ካገኘው ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። አዲስ የተሞላ መገጣጠሚያም በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ለቀናት ቀስ እያለ መድረቅ አለበት።