ጎሲፕ፦ ከክርስትና ዝምድና እስከ ሐሜት

ጎሲፕ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ዛሬ ስለ ሌላ ሰው፣ ሰውየው በሌለበት የሚወራ ወሬ ማለት ነው። ይህን የሚያዘወትር ሰውም ራሱ ጎሲፕ ይባላል። ወሬው ክፉ ላይሆን ይችላል። እነ እገሌ ተጋቡ፣ እነ እገሌ ቤት ለወጡ ማለትም ጎሲፕ ነው። በአማርኛ ወሬ፣ ሐሜት፣ አሉባልታ ብለን የምንለያያቸውን ሁሉ አንድ ላይ ይይዛል። አመጣጡ ግን ከሐሜት ጋር አይገናኝም። ቃሉ የመጣው ከጥምቀት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃሉ ጎድሲብ ነበር። ጎድ እግዚአብሔር፣ ሲብ ዘመድ ነው። ወንድምና እህትን በአንድነት የሚጠራው ሲብሊንግም ከዚሁ ከሲብ የወጣ ነው። ጎድሲብ እንግዲህ በሥጋ ሳይሆን በእግዚአብሔር ፊት የተዛመደ ሰው ነው። ክርስትና ያነሳ ሰው ከልጁም ከወላጆቹም ጋር በዚህ ስም ይተሳሰር ነበር። ለእኛ አንባቢ ማስረዳቱ አይከብድም። በወላጆቹ በኩል ያለው ትስስር አበልጅ የምንለው ነው።

ከጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ዉልፍስታን በ1014 አካባቢ ያሰሙት ስብከት ነው። ዘመኑ ዴንማርካውያን እንግሊዝን የሚያስጨንቁበት ነበር። ሊቀ ጳጳሱ መከራው የመጣው በኃጢአታችን ነው ብለው ሕዝቡን ይገሥጻሉ። ከዘረዘሯቸው በደሎች መካከል ጎድሲቦችና የክርስትና ልጆች በየቦታው መገደላቸው ይገኝበታል። ዝምድናው ምን ያህል የከበረ እንደነበር ከዚህ ይታያል። ቤተ ክርስቲያንም በክርስትና የተዛመዱ ሰዎች እንዳይጋቡ ትከለክል ነበር።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ትርጉሙ ሰፍቶ የቅርብ ወዳጅንም ይጨምር ጀመር። በጄፍሪ ቾሰር የካንተርበሪ ተረቶች ውስጥ የባዝ ከተማዋ ሴት አሊሰን የምትባል ጎሲብ አለቻት። የልቤን ምስጢር ከአጥቢያችን ቄስ ይበልጥ የምታውቀው እሷ ናት ትላለች። የክርስትና ዘመድነቱ እዚህ አይነሳም። የቀረው መተማመኑ ነው።

ቃሉ በደንብ የሚታወቅበት ዘመን 16ኛውና 17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ያኔ ጎሲፕ ማለት በተለይ ለወሊድ የምትጠራ ሴት ነበረች። ምጥ ሲጀምር ባል ወይም ጎረቤት ሮጦ አዋላጇንና ጎሲፖቹን ይጠራል። የሚመጡት እናት፣ እህት፣ ጎረቤት፣ የልብ ጓደኛ ናቸው። ወንድ ይወጣል። መስኮቱ ይጋረዳል፣ በሩ ይዘጋል፣ የቁልፍ ቀዳዳው ሳይቀር ይደፈናል። እሳት ይነዳል። ኮድል የሚባል፣ ከወይን ጠጅ ወይም ከእንግሊዝ ጠላ ከቅመም ጋር የሚሠራ ትኩስ መጠጥ ይቀርባል። ምጥ የያዛት ሴት ለመጠንከር፣ ሌሎቹም አብረዋት ይጠጡታል።

እነዚህ ሴቶች የመጡት ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። አራሷን ይደግፋሉ፣ ሕፃኑን ይቀበላሉ፣ ቤቱን ይይዛሉ። ምስክርም ነበሩ። ልጁ በሕይወት ተወልዷል ወይስ ሞቶ፣ ያላገባች እናት ከሆነች አባቱ ማን ነው፣ የሚሉት ጥያቄዎች ፍርድ ቤት ሲደርሱ በምጡ ክፍል የነበሩት ሴቶች ቃል ይሰማ ነበር። እናትየው ለወር ያህል ቤት ስለምትቆይ ሕፃኑ ሲጠመቅ አብዛኛውን ጊዜ አብራ አትሄድም። ልጁን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስዱት ሌሎች ናቸው። ከጥምቀቱ በኋላ የጎሲፖች ግብዣ ይከተላል። የሼክስፒር የስህተቶች ኮሜዲ የሚያበቃው ሰዎች ሁሉ ወደዚሁ ግብዣ ሲጠሩ ነው።

እንግዲህ ይህ የተከበረ ስም እንዴት ወረደ? እንደ እኔ እምነት ስሙን ያወረዱት ውጭ የቀሩት ናቸው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሴቶች ብቻቸውን ለሰዓታት ተቀምጠው ሲያወሩ፣ ስለ እኛ ምን ይባል ይሆን የሚል ስጋት ቢነሳ አያስገርምም። የዘመኑ ቀልዶችና ግጥሞችም ባሎቻቸውን የሚያሙ፣ ጠጅ የሚወዱ ጎሲፖችን ይስሉ ነበር። በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ ምላሰኛ በተባለች ሴት ራስ ላይ የሚታሰር የብረት ልጓም ነበር። አንዱ ስሙ የጎሲፕ ልጓም ነው። በዋልተን ኦን ቴምዝ ቤተ ክርስቲያን የነበረው ልጓም 1633 የሚል ዓመት የሰፈረበት ነው። ሥራ ፈት የሴት ምላስን ለመግታት የተሰጠ መሆኑም ተጽፎበታል። በዚህ መሣሪያ የተቀጡትን ሴቶች ሳስብ ያመኛል።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ሦስት ትርጉም ሰጥቷል። ልጅ ክርስትና የሚያነሳ፣ የመጠጥ ጓደኛ፣ እንዲሁም እንደ አራስ ጠያቂ ሴቶች ወሬ እያዞረ የሚሄድ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሬው ራሱ ጎሲፕ ተባለ። የመጀመሪያው ትርጉም ዛሬ ከመዝገበ ቃላት ውጭ እምብዛም አይሰማም። በፈረንሳይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ኮሜር የክርስትና እናት ነበረች፤ አሁን ወሬኛ ሴት ናት።

በኢንተርኔት የሚዞር ሌላ ታሪክ አለ። ፖለቲከኞች ወሬ ለመቃረም ሰዎቻቸውን ወደ መጠጥ ቤት ሲልኩ "ጎ ሲፕ"፣ ማለትም ሄደህ ተጎንጭ ይሏቸው ነበር ይላል። ፍጹም ስህተት ነው። ጎድሲብ የሚለው ጽሑፍ እያለ ለዚህ ቦታ የለውም።

ምሁራንም ለጎሲፕ የተሻለ ዓይን አላቸው። የማንቸስተሩ አንትሮፖሎጂስት ማክስ ግላክማን በ1963 ሐሜት ማኅበረሰብን አንድ አድርጎ እንደሚይዝ ጻፈ። ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ በ1997 ባወጡት ጥናት ደግሞ የሰው ጨዋታ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለ ሰዎችና ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ውስጥ ሰውን መተቸት የያዘው ጥቂቱን ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያዎችም ቃሉን ወስደውታል። ብዙ ኮምፒውተሮች መረጃን አንዱ ለሌላው እየነገረ ለሁሉም እንዲደርስ የሚያደርጉበት ዘዴ የጎሲፕ ፕሮቶኮል ይባላል። ካሳንድራ የተባለው የመረጃ ቋት ይሠራበታል።