ቴሌሜትሪ ምንድን ነው? የተማሪ ሳተላይት ወሬ የት ይቀመጣል?

ከደጋ ዳሞት ለሰሊጥ አጨዳ መተማ የወረደ ልጅ ኔትወርክ ባገኘ ቀን ይደውላል። ወሬው አጭር ነው። «ደህና ነኝ። ሙቀቱ ከብዷል። ስልኬ ሊዘጋ ነው።» እናቱ ግን ከዚችው ተነስታ ብዙ ነገር ትረዳለች። የሳተላይት ቴሌሜትሪም እንዲህ ያለ ስልክ ነው።

ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ ከሩቅ መለካት ማለት ነው። ሳተላይቱ የራሱን ጤና ይለካል። ባትሪው ስንት ቮልት ቀረው? ውስጡ ምን ያህል ሞቀ? ከሶላሩ ስንት ኃይል ገባ? ኮምፒውተሩ ስንቴ ጠፍቶ ተነሳ? ይህን በቁጥር አሳጥሮ በሬዲዮ ይልካል። የሚያነሳው ፎቶ ሌላ ጉዳይ ነው።

ተማሪዎች የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ኪዩብሳት የሚባለውን፣ ሳጥን መሰል ትንሽ ሳተላይት ነው። ትንሹ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። 500 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ምድርን በ95 ደቂቃ ገደማ ይዞራል። ባሕር ዳር አንቴና የተከለ ተማሪ ግን የሚያገኘው በቀን ጥቂት ጊዜ ነው፤ ያውም ቢበዛ ለ10 ደቂቃ ያህል። ደግነቱ በስተሰሜን ጣና ስለተዘረጋ አድማሱ ክፍት ነው። ጮቄ ሥር ቢሆን ተራራው ከዚያችም ይቀንስ ነበር።

ያመለጠ ወሬ ብዙ ጊዜ አይደገምም። ሰርቨር፣ ማለትም የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ውድ ማሽን አይጠይቅም፤ አንዱ መልእክት ከጥቂት መቶ ባይት አይበልጥምና ያረጀ ዴስክቶፕም ይበቃል። የሚጠይቀው ታማኝነት ነው።

እኔ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ፦ የመጣውን መጀመሪያ እንዳለ፣ ጥሬውን አስቀምጡ። ትርጉሙ ይቆይ። ለምሳሌ ሳተላይቱ ለባትሪው 205 ብሎ ላከ እንበል። ይህ ቁጥር ገና ቮልት አይደለም፤ አስቀድሞ በተወሰነለት 0.02 ሲባዛ 4.1 ቮልት ይሆናል። ተማሪው ተሳስቶ በ0.01 ቢያባዛና ውጤቱን ብቻ ቢያስቀምጥ፣ ባትሪው የሞተ ይመስላል፤ ሁሉም ይደነግጣል። 205 ከተቀመጠ ግን ስሌቱን አርሞ የወራቱን ሁሉ እንደገና ማስላት ይቻላል።

ሌላው ሰዓት ነው። የኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፈረንጆቹ 9፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ደግሞ 6 ነው። ሰርቨሩ ላይ ዓለም አቀፉ ብቻ ይጻፍ። በተለይ ከሌሎች ጋር ስትሠሩ ይህ የግድ ነው። በግሪክ የተጀመረው ሳትኖግስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች መረብ አለ። ሳተላይቱ ከኛ ሰማይ ሲወጣ ሌላ አገር ያለ አንቴና ይሰማዋል፤ የሰማውንም ለሁሉም ያካፍላል። ሰዓቱ ከተደባለቀ ግን የትኛው ወሬ እንደቀደመ አይታወቅም።

መብራት ሲሄድስ? አንቴናው ሥር ያለው ኮምፒውተር በባትሪ ይሥራ፤ የሰማውን መጀመሪያ እዚያው ይጻፍ። መብራትና ኢንተርኔት ሲመለሱ ለዋናው ሰርቨር ያስረክባል።