ዲባገርን ለአንድ ፕሮሰሰርና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማዋቀር ምንድን ነው?

ዲባገር በሥራ ላይ ያለን ፕሮግራም በተፈለገው መስመር ላይ አስቁሞ፣ በዚያች ቅጽበት በሚሞሪና በሬጅስተሮች (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን የቁጥር ማስቀመጫዎች) ውስጥ ያለውን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈውም የሚሠራውም በአንድ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ፕሮሰሰሩም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም፣ ላይብረሪዎቹም (ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸው የተዘጋጁ የኮድ ስብስቦች) እዚያው ስላሉ ተጠቃሚው ምንም ሳያዋቅር ሥራውን ይጀምራል። ፕሮግራሙ በሌላ ማሽን ላይ የሚሠራ ሲሆን ግን ለዲባገሩ ሦስት ነገሮችን ማሳወቅ ግድ ይሆናል፦ ያኛው ማሽን የየትኛው ፕሮሰሰር ቤተሰብ እንደሆነ፣ በምን ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደሚተዳደር፣ እዚያ የሚሠራው ፕሮግራምና ላይብረሪዎቹ ደግሞ እዚህ በየትኛው ፎልደር እንደሚገኙ። ዲባገርን ለአንድ ፕሮሰሰርና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማዋቀር ማለት ይኸው ነው። ዲባገሩ ያለበት ማሽን ሆስት፣ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ደግሞ ታርጌት ይባላል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በደብረ ብርሃንና በባሶና ወራና ደጋ ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ባቄላውንና ገብሱን ይመታል። አንድ የኮምፒውተር ተማሪ ከማሳ ዳር የሙቀት ሴንሰር ያለው፣ ኤአርኤም ከሚባለው ቤተሰብ በሆነ ፕሮሰሰርና በሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራ ትንሽ ቦርድ፣ ለምሳሌ ራስበሪ ፓይ ተክሎ፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ለገበሬው መልእክት እንዲልክ በሲ ቋንቋ ፕሮግራም ጻፈ እንበል። ፕሮግራሙ በላፕቶፑ ላይ ሲሞከር -2 ሲሰጡት ማስጠንቀቂያውን በትክክል ይልካል፤ ማሳው ዳር ሲተከል ግን ውርጩ እየወረደ ዝም ይላል፤ ይባስ ብሎ በመዝገቡ ላይ 254 ዲግሪ የሚል ቁጥር ይጽፋል።

ስህተቱ ያለው «ቻር» በሚባለው የአንድ ባይት ዓይነት ላይ ነው። ይህ ዓይነት ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ይያዝ ወይስ አይያዝ የሚለውን የሲ ስታንዳርድ ኮዱን ወደ ማሽን ትእዛዝ ለሚቀይረው ለኮምፓይለሩ ትቶታል። በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ በሊኑክስ ከ-128 እስከ 127 ይይዛል፤ በኤአርኤም ላይ በሊኑክስ ደግሞ ከ0 እስከ 255። ስለዚህ ያው የኮድ መስመር በአንዱ -2 ያለውን በሌላው 254 ይለዋል፤ «ከዜሮ ያንሳል ወይ» የሚለው ጥያቄም በቦርዱ ላይ ምንጊዜም መልሱ «አያንስም» ነው። ቦርዱ መጀመሪያ ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ተሞክሮ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ ከዜሮ ስለማይወርድ ስህተቱ ዓመቱን ሙሉ ተሸሽጎ ይኖር ነበር። ላፕቶፑ ላይ ዲባግ ማድረግም እንዲሁ አይጠቅምም፤ እዚያ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው። ያለው ምርጫ ቦርዱ ላይ የሚሠራውን ፕሮግራም ራሱን አስቁሞ ማየት ነው።

በሊኑክስ ዓለም ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው ሪቻርድ ስቶልማን በ1986 የጻፈው ጂዲቢ ነው። አንድ ጂዲቢ ግን ሁሉንም ፕሮሰሰር ያውቃል ማለት አይደለም፤ ከሶርስ ኮዱ ሲገነባ የትኞቹን ታርጌቶች እንዲያውቅ ከተነገረው ውጭ ያለውን አያውቅም። ኡቡንቱና ዴቢያን በነባሪነት የሚሰጡት ለላፕቶፑ ፕሮሰሰር የተሠራውን ሲሆን፣ ብዙ ፕሮሰሰሮችን የሚያውቀው «ጂዲቢ መልቲአርች» በሚል ስም ለብቻው ይጫናል። በእኔ አስተያየት ጀማሪ ሰው ሌላ ሳይፈልግ ይህንኑ ቢጭን ይሻለዋል።

የፕሮሰሰሩ ዓይነት ይህን ያህል ወሳኝ የሆነው ዲባገሩ ፕሮግራምን የሚያስቆምበት ዘዴ ራሱ ከፕሮሰሰር ፕሮሰሰር ስለሚለያይ ነው። ብሬክፖይንት፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚቆምበት ምልክት፣ ሲደረግ ዲባገሩ በዚያ ቦታ ያለውን የማሽን ትእዛዝ ወደ ጎን አስቀምጦ በምትኩ «ቁም» የሚል ትእዛዝ ይጽፋል። በኢንቴል ቤተሰብ ይህ ትእዛዝ ዋጋው 204 የሆነ አንድ ባይት ብቻ ነው፤ ባለ 64 ቢት ኤአርኤም ላይ አራት ባይት ነው፤ ባለ 32 ቢቱ ኤአርኤም «ተም» በሚባለው አጫጭር ትእዛዞችን በሚጠቀም አሠራር ሲሄድ ደግሞ ሁለት ባይት ይበቃዋል። የኢንቴሉ ፕሮሰሰር ከቆመ በኋላ የሚሠራው ትእዛዝ የት እንዳለ የሚያመለክተው የቦታ ጠቋሚ «ቁም» ከሚለው ባይት አንድ አልፎ ስለሚገኝ ዲባገሩ አንድ ቀንሶ ይመልሰዋል፤ ባለ 64 ቢቱ ኤአርኤም ግን ትእዛዙ ላይ እንዳለ ይቆማል። ዲባገሩ የተሳሳተ ፕሮሰሰር ከታሰበለት፣ ሁለት ባይት በሚበቃበት አራት ጽፎ ጎረቤት ያለውን ትእዛዝ ሊያበላሽ ይችላል፤ ያን ጊዜ በፕሮግራሙ ውስጥ ያልነበረ ስህተት በዲባገሩ እጅ ይፈጠራል ማለት ነው።

ሬጅስተሮቹም እንደዚሁ ናቸው። ባለ 32 ቢቱ ኤአርኤም እያንዳንዳቸው አራት ባይት የሆኑ 16 ዋና ሬጅስተሮች ሲኖሩት፣ ባለ 64 ቢቱ እያንዳንዳቸው ስምንት ባይት የሆኑ 31 አጠቃላይ ሬጅስተሮች አሉት። ሆስቱ የመጀመሪያውን እየጠበቀ ታርጌቱ የሁለተኛውን ቢልክ፣ ጂዲቢ የመጣው ምላሽ ከጠበቀው በላይ እንደረዘመ ገልጾ ግንኙነቱን ያቋርጣል። ይህን መልእክት ያየ ሰው ኬብሉን ወይም ዋይፋዩን መወንጀል ይቀናዋል፤ ችግሩ ግን ሁልጊዜ ማለት በሚቻል ደረጃ የፕሮሰሰር ዓይነት አለመግባባት ነው። ፕሮግራሙን አስቀድሞ ለዲባገሩ መስጠት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያስቀራል፤ በሊኑክስ የፕሮግራም ፋይል ራስጌ ላይ የፕሮሰሰሩ ቁጥር ተጽፎ ይገኛልና፦ 40 ከሆነ ባለ 32 ቢት ኤአርኤም፣ 183 ከሆነ ባለ 64 ቢት ኤአርኤም፣ 62 ከሆነ ባለ 64 ቢት ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ፣ 243 ከሆነ ሪስክ ፋይቭ ነው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚገባበት ምክንያት ሌላ ነው። ማንም ፕሮግራም የሌላውን ፕሮግራም ሚሞሪ እንደፈለገ መክፈት ስለማይፈቀድለት ዲባገሩ ፈቃድ የሚጠይቀው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ነው። ሊኑክስ ይህን የሚሰጠው «ፒትሬስ» በሚባለው ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በሚያቀርበው ጥያቄ) ሲሆን ዊንዶውስ ፈጽሞ የተለየ የራሱ አሠራር አለው። ትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) እንዴት እንደሚቆጠሩ፣ ሲግናል (ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚላክ ማሳወቂያ) ሲመጣ ስታኩ (የፈንክሽን ጥሪዎች የሚመዘገቡበት ሚሞሪ) ምን እንደሚመስል፣ ሼርድ ላይብረሪ (ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ላይብረሪ) በየትኛው አድራሻ እንደተጫነ የሚታወቀውም በዚሁ በኩል ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለሌላቸው ቺፖች የተሠራውን የኤአርኤም ጂዲቢ ለሊኑክስ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ትእዛዞቹን በትክክል ያነብለታል፤ ፕሮግራሙ ወደ ሼርድ ላይብረሪ ሲገባ ግን የፈንክሽኖቹ ስም ጠፍቶ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይታየዋል።

በተግባር ግንኙነቱ የሚሠራው በሁለት ጫፍ ነው። ቦርዱ ላይ «ጂዲቢሰርቨር» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም የፖርት ቁጥር፣ ለምሳሌ 2345፣ እና ዲባግ የሚደረገው ፕሮግራም ስም ተሰጥቶት ይከፈታል። ላፕቶፑ ላይ ጂዲቢ ከፕሮግራሙ ፋይል ጋር ይከፈትና መጀመሪያ በ«ሴት ሲስሩት» ትእዛዝ የቦርዱ ላይብረሪዎች ቅጂ ያለበት ፎልደር ይነገረዋል፤ ከዚያ በ«ታርጌት ሪሞት» የቦርዱ አድራሻና ፖርት ይሰጠዋል። ሁለቱ የሚነጋገሩት ተነባቢ በሆኑ አጫጭር ፓኬቶች ነው፤ እያንዳንዱ በዶላር ምልክት ተጀምሮ በመሰላል ምልክት (#)ና በሁለት የማረጋገጫ አኃዞች ይዘጋል። ጂዲቢሰርቨር የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ስለዚህ በግቢ ወይም በካፌ ዋይፋይ ላይ ከፍቶ መተው ቦርዱን ለማንም አሳልፎ መስጠት ነው።

ሰውን ከሁሉ የበለጠ የሚያሰቃየው፣ እንደሚመስለኝ፣ ሦስተኛው ማለትም የፋይሎቹ ጉዳይ ነው። ሲስሩት ሳይነገረው የቀረ ጂዲቢ ላይብረሪዎቹን ከቦርዱ በኔትወርክ እየጎተተ ያነባል፤ ይህ ትክክል ቢሆንም ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ቦታ ለመጀመር ብቻ ብዙ ያስጠብቃል። ለማፋጠን ብሎ የላፕቶፑን የራሱን ዋና ፎልደር የሚሰጥ ሰው ደግሞ የኢንቴል ላይብረሪዎችን ለኤአርኤም ፕሮግራም ማቅረቡ ነው። ከዚህም የሚከፋ አለ፦ ኮዱን አርሞ ላፕቶፑ ላይ እንደገና ኮምፓይል አድርጎ አዲሱን ወደ ቦርዱ ሳይገለብጥ መቀጠል። ያኔ ብሬክፖይንቱ ባልታሰበ መስመር ይቆማል፣ የሚታየውም ዋጋ የሌላ ተለዋዋጭ ይሆናል፤ ሁሉም ነገር የሚሠራ ስለሚመስል ሰው ዲባገሩን እንጂ ፋይሉን አይጠረጥርም። ቦርዱ ላይ ያለው ቅጂ ቦታ እንዳይፈጅ የዲባግ መረጃው ቢወጣለት ችግር የለውም፤ ላፕቶፑ ላይ ያለው ግን በዚያው በአንድ ግንባታ የተገኘና የዲባግ መረጃው ያልተነካ መሆን አለበት።

ሁሉም ከተሟላ ሙቀቱ የሚነጻጸርበት መስመር ላይ ብሬክፖይንት ተደርጎ ዋጋው ሲጠየቅ ጂዲቢ 254 ብሎ ይመልሳል። ላፕቶፑ ላይ የተቀመጠ ዲባገር በላፕቶፑ ልማድ -2 የማይለው፣ ዓይነቱ የመቀነስ ምልክት ይይዝ ወይም አይይዝ እንደሆነ የሚያነበው ኮምፓይለሩ ለኤአርኤም በጻፈው የዲባግ መረጃ ውስጥ ስለሆነ ነው። መፍትሔውም ከዚያ በኋላ አጭር ነው፤ ተለዋዋጩን የመቀነስ ምልክት የሚይዝ ባለ 8 ቢት ዓይነት አድርጎ ማወጅ ይበቃል።

እነዚህን ትእዛዞች በየጊዜው ላለመጻፍ በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ስሙ በነጥብ በሚጀምረው «ጂዲቢኢኒት» ፋይል ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሆኖም ጂዲቢ በፈቃድ ዝርዝሩ ውስጥ ካልገባ ፎልደር እንዲህ ያለውን ፋይል ስለማያነብ ፎልደሩን አስቀድሞ መፍቀድ ያስፈልጋል።

ቦርዱ ሊኑክስ የሌለው ተራ ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮሰሰርና ሚሞሪ በአንድ ላይ የያዘ ትንሽ ቺፕ) ቢሆን አካሄዱ ይለወጣል። ጂዲቢሰርቨርን የሚያስኬድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስለሌለ ቦታውን ላፕቶፑ ላይ የሚሠራው «ኦፕንኦሲዲ» የሚባል ፕሮግራም ይይዛል፤ እሱም በሁለት የሲግናል ሽቦ በሚሠራው ኤስደብልዩዲ በሚባለው የዲባግ መስመር በኩል ቺፑን ያነጋግራል፣ ጂዲቢን ደግሞ በተለምዶ በፖርት 3333 ይጠብቃል። ኮዱ ፍላሽ በሚባለው ኃይል ቢጠፋም በማይጠፋ ሚሞሪ ላይ ስለሚቀመጥ «ቁም» የሚለውን ትእዛዝ እንደ ራም በቀላሉ መጻፍ አይቻልም፤ ቺፑ ውስጥ በተሠሩት የሃርድዌር ብሬክፖይንቶች መጠቀም ያስፈልጋል። እነዚህም ጥቂት ናቸው፤ ኮርቴክስ ኤም ዜሮ የሚባለው የኤአርኤም ፕሮሰሰር ቢበዛ አራት ብቻ ስላለው፣ አምስተኛውን ለማድረግ ከቀደሙት አንዱን ማንሣት ያስፈልጋል።