720,720፦ እስከ 16 ድረስ ያለ ቀሪ የሚካፈለው፣ ፈረሱላ ላይ የሚሰናከለው ቁጥር

720,720 ከ1 እስከ 16 ላሉት ሙሉ ቁጥሮች ሁሉ ትንሹ የጋራ ብዜት ነው። በብቸኛ ቁጥሮች ሲተነተን 2⁴ × 3² × 5 × 7 × 11 × 13 ይሆናል። ጠባዩን ለማየት ጅማ ላይ ቡና በሚሰፈርባቸው መለኪያዎች መፈተን ይበቃል። 720,720 ኪሎ ቡና በ60 ኪሎ ጆንያ ሲሞላ ልክ 12,012 ጆንያ ነው፤ ፍሬ አይተርፍም። በኩንታል ከሆነ ግን 7,207 ኩንታል ሞልቶ 20 ኪሎ ይተርፋል፤ 100 ሁለት ጊዜ 5ን ይፈልጋል፣ ቁጥራችን ያለው አንድ ብቻ ነው። በፈረሱላ 42,395 ሆኖ 5 ኪሎ ይቀራል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ 17 ደግሞ ብቸኛ ቁጥር ሆኖ በትንታኔው ውስጥ የለም።

ይህን ሁሉ ለማረጋገጥ ረጅም ማካፈል ውስጥ መግባት አያስፈልግም። በ0 ስለሚያልቅ ለ5 ይካፈላል። የአሃዞቹ ድምር 18 ነውና ለ9 ይካፈላል። ለ16 የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ማየት ነው፤ 0720 ለ16 ሲካፈል 45 ይደርሳል። ደስ የሚለው የ7፣ የ11 እና የ13 ነው። ሦስቱ ሲባዙ 1,001 ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከቀኝ በኩል በሦስት በሦስት አሃዝ ቆርጦ 720ን ከ720 መቀነስ ነው። ውጤቱ 0 ስለሆነ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተያዙ። (በግዕዝ ቁጥር ፸፪፼፯፻፳ ብሎ ለሚጽፍ ሰው ይህ አይገለጥለትም፤ እልፍ የሚቆርጠው በአራተኛው አሃዝ ላይ ነውና ድግግሞሹ ይሰወራል።)

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ለ4 እና ለ6 የሚካፈል ሁሉ ለ24 ይካፈላል ብሎ ማሰብ ነው። 12ን ማየት በቂ ነው፤ ለሁለቱም ይካፈላል፣ ለ24 ግን አይሆንም። አካፋዮችን ማባዛት የሚቻለው ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ከሌላቸው ነው፤ 16፣ 9፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 እንደዚያ ናቸው።

አካፋዮቹን ለመቁጠር በእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ድግግሞሽ ላይ 1 እየደመሩ ማባዛት ነው፦ 5 × 3 × 2 × 2 × 2 × 2 = 240። አንዱን መደመር የረሳ 8 ያገኛል። አንዱ የሚጨመረው ብቸኛ ቁጥሩ ጨርሶ የማይገባባቸው አካፋዮችም ስላሉ ነው። ከ720,720 በታች 240 አካፋይ ያለው ቁጥር የለም፤ እስከ አንድ ሚሊዮን ድረስም 240ን የሚያልፍ አይገኝም። እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ራማኑጃን በ1915 እ.ኤ.አ. በሰፊው አጥንቷቸዋል። የአካፋዮቹ ድምር፣ ራሱን ጨምሮ፣ 3,249,792 ነው።

ፈረሱላን ለማስገባት በ17 ማባዛት ግድ ነው፤ 12,252,240 ይመጣል፣ 18ም ያለ ተጨማሪ ድካም አብሮ ይገባል። ኩንታሉ ግን አሁንም 40 ኪሎ ያስተርፋል። ፈረሱላን፣ ጆንያንና ኩንታልን ብቻ ለማስማማት ለተነሳ ሰው ያን ያህል መውጣት አያሻም፤ 5,100 ኪሎ ይበቃል፦ 300 ፈረሱላ፣ 85 ጆንያ፣ 51 ኩንታል።